ባለ ሁለት ኮከቧ ቡላ

ከግቢ ተመርቄ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የወላጆቼ ቤት ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመስኖ ምህንድስና ዲግሪና ስልኬ ውስጥ ያሉ ጥቂት የእሽቅድምድም ፈረሶች ነበር። ሻንጣውን እናቴ ፈታችው። ዲግሪውን አባቴ በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ሰቀለው። ስለ ፈረሶቹ ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ ፈላጊ ሰው ፈረስ አለኝ ብሎ አይናገርም።

ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን አያለሁ። የሚፈለገው ሁሉ ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ልምድ የሚሰጥ ሰው ግን ማስታወቂያ አያወጣም። ከምሳ በኋላ የሲቀላ ሙቀት ሰውንም ውሻንም ጥላ ስር ሲያጋድም፣ እኔ ግቢያችን ካለው ማንጎ ስር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ፈረሶቼን አሠለጥናለሁ።

ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ተጫዋቹ የፈረስ በረት ባለቤት ነው። ገና ያልሮጡ ውርንጭሎች ጨረታ ላይ ይቀርባሉ፤ ይገዛል፣ ያሠለጥናል፣ ያወዳድራል፣ ያራባል፣ ይሸጣል። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ፍጥነት፣ ጽናትና አመል አለው፤ ትክክለኛው ልክ ግን ተደብቋል። ለተጫዋቹ የሚታየው በረቱ ውስጥ የተቀጠረ ገምጋሚ በግምት የሚሰጠው ኮከብ ብቻ ነው። ከግማሽ እስከ አምስት። ገምጋሚው ደግሞ ይሳሳታል። ሆን ተብሎ ነው እንዲሳሳት የተሠራው፤ ባይሳሳት ኖሮ ጨዋታ አይሆንም ነበር።

እኔ ዘዴ ነበረኝ። የፈረሱን መልክ አላይም። የአባቱ ስም የገነነ እንደሆነ እሸሻለሁ፤ ሰው የሚከፍለው ለስሙ ነውና። የማየው የእናቱን የሩጫ ታሪክ ነው። ከዚያ መቼ እንደሚጎለምስ እገምታለሁ። ቶሎ የሚጎለምስ ፈረስ በልጅነቱ ያሸንፍና ወዲያው ያልቅለታል፤ መሸጥ ያለበት ባሸነፈ ማግስት፣ ሁሉም ሰው በሚመኘው ጊዜ ነው። ችሎታ ሌላ፣ ዋጋ ሌላ፤ ትርፍ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ የጎጃም ልጅ ነበር። እሱ ራሱ ዘግይተው ከሚጎለምሱት ወገን ነው። እንደሚወደኝ ለመናገር እስከ መጨረሻው ዓመት የመጨረሻ ፈተና ድረስ ቆይቷል።

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚያርመው ደብተር ስላልነበረው እኛን ማረም ጀምሮ ነበር። የተወለደው ጨንቻ፣ ደጋው ላይ ነው፤ የአያቴ ቤት ፈረስ ነበረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ።

«የማን ፈረስ ነው?»

«የኔ።»

«የት ነው ያለው?»

«ስልክ ውስጥ ነው አባዬ። ጨዋታ ነው።»

መነጽሩን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና አደረገው። አጎንብሶ ትንሽ ካየ በኋላ፣ «የኋላ እግሩን ይጎትታል» አለ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚራመዱት። የሠሩት ሰዎች አንድ አረማመድ ሠርተው ለሁሉም ነው የሰጡት።»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም ሰው ፈረስ የት አይቶ ያውቃል?» አለና አጠገቤ ተቀመጠ።

በዚያን ሰዓት ጨረታ እየተካሄደ ነበር። አንዲት ቡላ ቀለም ያላት ውርንጭላ ቀረበች። ሁለት ኮከብ። እናቷ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ዋጋ የሰጠባት አልነበረም፤ እኔም ላልፋት ጣቴን አንስቼ ነበር።

«ይቺን ያዣት» አለ አባቴ።

«ሁለት ኮከብ ናት እኮ።»

«ማነው የሰጣት?»

«ገምጋሚው።»

«እሱስ ስንት ኮከብ አለው?»

የሚገርመው ገምጋሚዎችም ደረጃ አላቸው። የእኔ ሦስት ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለመቅጠር አቅሜ አልፈቀደም።

«አንገቷን ተመልከቺ» አለ። «ታጋሽ ናት።»

«ቁጥሮቹን ብታይ እንዲህ አትልም ነበር።»

«ቁጥር ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ነው» አለኝ አባቴ። «ምን ያህል እንደሚዋሽ ካንቺ በላይ አውቃለሁ።»

ስለዚህ ገዛኋት። ጨዋታው የእንግሊዝኛ ስም አውጥቶላት ነበር፤ አባቴ ግን ስሙን ለማንበብ እንኳን አልፈቀደም። ቡላ አላት። እናቴ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የሙዝ ማሳዋ ስትመለስ ወሬውን ሰማች። «ቡላ ገዛን» አልናት። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ መስሏት ተደሰተች። ፈረስ መሆኗን ስታውቅ፣ «የሚበላው ይሻለኝ ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቡላ በመጀመሪያ ሩጫዋ መጨረሻ ወጣች። በሁለተኛው ከመጨረሻ ሁለተኛ። በሦስተኛው እንደገና መጨረሻ። አባቴ ለሁሉም ምክንያት ነበረው። ጋላቢው ልጓሙን ያጠብቅባታል። መሬቱ ደርቋል። ከጎኗ የነበረው ጥቁር ፈረስ ክፉ ነው፣ አስፈራርቷታል። የወደቁ ተማሪዎቹ ለእርሱ ሲደረድሩ የኖሩትን ምክንያት ሁሉ እርሱ ለፈረሷ ደረደረላት።

ከእጄ ስልኬን መቀማት ልማድ ሲሆንበት መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኬን ሰጠሁትና የራሱን በረት ከፈተ። ቡላንም በጨዋታው ሕግ መሠረት ሸጥኩለት። የሸጥኩበትን ዋጋ እስከ ዛሬ ተወደደብኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ በነጻ የሰጠሁት ያህል ነው የሚሰማኝ። ከራሱ በረት ገምጋሚ ጋር ግን ስምምነት አልነበረውም። ወዲያው አሰናበተው።

ከዚያ በጨዋታው ዓለም ዝናብ የጣለበት ቀን መጣ። አባቴ ቡላን ረጅሙ ሩጫ ላይ አስገብቷት ነበር። ረጅሙን የመረጠው አስቦበት ይሁን ወይስ የሽልማቱ ዋንጫ ትልቅ ሆኖ ስለታየው፣ ጠይቄው አላውቅም። እስከ ግማሽ ድረስ የተለመደው ቦታዋ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ነበረች። ከዚያ የፊተኞቹ ሲደክሙ እሷ ባለችበት ፍጥነት ቀጠለች። አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አባቴ በጋሞኛ ያደገ ሰው ስለሆነ ልቡ ሲነካ የአማርኛው ወንድና ሴት ይምታታበታል። «መጣ» አለ ከወንበሩ ተነስቶ። «መጣች። ፈረሱ መጣች።» አሸነፈች።

የሆነው ለእኔ ግልጽ ነበር። ፍጥነት የላትም፤ የተደበቀው ጽናቷ ግን ከፍተኛ ነበር፤ ዘግይታም ነው የጎለመሰችው። ጭቃና ርቀት ሲገናኙ ለእንዲህ ዓይነቷ ይመቻል። ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዳሁት። ተናግሬ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠና፣ «ይህንኑ ነው ያልኩሽ። ታጋሽ ናት ብያለሁ» አለ።

በማግስቱ ስልኩን ይዞ ጡረተኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሄደ። ያሳያቸው አሸናፊውን ሩጫ ብቻ ነው። ስለ ቀደሙት ሩጫዎች የጠየቀው አልነበረም፤ እርሱም ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው አይደለም። በሳምንቱ ከጓደኞቹ አንዱ ሊገዛ ያሰበውን ያገለገለ ሞተር ሳይክል እንዲያይለት ቤታችን ድረስ መጥቶ ወሰደው። አባቴ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ሄዶ አየለት። ታጋሽ መሆኑን ነግሮት ተመለሰ።

ቡላ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት ረጃጅም ሩጫዎች አሸነፈች። ይሄኔ ከሌላ በረት የግዢ ጥያቄ መጣላት፤ ዋጋው እኔም አባቴም በጨዋታው ውስጥ አይተነው የማናውቀው ነበር። ጥያቄውን የላከው ሰው አይደለም፣ ጨዋታው ራሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።

«ሽጣት» አልኩት።

«ያሸነፈች ፈረስ ማን ይሸጣል?»

«መሸጫዋ አሁን ነው። ከዚህ በኋላ የምትሄደው ወደ ታች ነው። በዚህ ዋጋ አምስት ጥሩ ጥሩ ውርንጭላ ትገዛለህ።»

ወረቀት አምጥቼ ሥዕል ሠራሁለት። አግድም ዕድሜ፣ ወደ ላይ ችሎታ። መስመሩ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ክብ አድርጌ ‹ቡላ› ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ወረቀቱን አቀረበ፣ አራቀ፣ አየና መለሰልኝ።

«ዘንጎቹ ላይ መለኪያ አልጻፍሽም» አለ። «ግማሽ ነጥብ ነው የምሰጥሽ።»

አልሸጣትም። እንዳልኩትም ሆነ። በሚቀጥለው ወቅት አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ ከዚያ መጨረሻ። ከሩጫ አውጥቶ አራባት። ሁለት ወለደች፤ አንዱ አንድ ኮከብ ተኩል፣ ሌላው አንድ። ኮከቡን የሰጠው አባቴ ለዚሁ ብሎ የቀጠረው አዲስ ገምጋሚ ነበር። በቁጥር ሲታይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ይህን የሚመሰክርልኝ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም። ሻይ ቤት አባቴ አሁንም የሚያሳየው ያንኑ ዝናብ የጣለበትን ቀን ነው።

በዚህ መካከል አብሮኝ የተማረው ጎጃሜ ምዕራብ ዓባያ አካባቢ በሚገኝ የመስኖ ሥራ ተቀጥሮ ነበር። ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ሲነግረኝ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም ለአባቴ።

«ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ራሱ ይምጣ» አለ አባቴ። «ቤተሰቡ ሩቅ ነው። የማላየውን ከምሰማ ያለውን ልይ።»

እሑድ መጣ። ባዶ እጁን መምጣት አላስችል ብሎት ከምዕራብ ዓባያ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ ነበር፤ ለሙዝ ነጋዴ ቤት። እናቴ ተቀብላው ዘለላውን አገላብጣ አየችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ቀድመው ቆርጠውታል» አለችው። ከዚያ ሌሎች ሙዞች አጠገብ አስቀመጠችው።

አባቴ ሞቅ አድርጎ ሰላም አለውና ማንጎው ስር ያለውን አግዳሚ ወንበር ወደ በረንዳ እንዲያመጣለት ጠየቀው። አመጣ። ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ በረንዳው ሞቃት ነው አለና መልሶ እንዲወስደው ጠየቀው። ወሰደ። አባቴ ከኋላ ሆኖ ተረከዙን ሲያይ እኔ አባቴን አየሁት።

«ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል» አለ ለእናቴ በጋሞኛ።

«ላፕቶፕ ስለሚሸከም ነው» አልኩ እኔም በጋሞኛ።

እንግዳችን ወንበሩን አስቀምጦ ዞር ሲል ሁላችንም ፈገግ አልንለት። እሱም ፈገግ አለ። ጋሞኛ አይሰማም።

ዓሣ በልተን እጃችንን ከታጠብን በኋላ አባቴ ስልኩን አወጣ። «ልጄ ስለ ፈረስ ታውቃለህ አለችኝ። እስቲ እነዚህን እይልኝ።» ቡላን ከነልጆቿ አሳየው።

ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለና እንደ ተማረ ሰው ሠራ። የሩጫ ታሪክ አየ፣ የትውልድ ሐረግ አየ፣ የሣርና የመድኃኒት ወጪውን አየ፣ ቀድሞ የመጣላትን የግዢ ጥያቄ አየ። ደስ እያለኝ ተመለከትኩት።

«ሦስቱንም ይሽጧቸው አባባ» አለ።

«እሷንም?»

«እሷን በተለይ። አሁን የምታመጣው ነገር የለም፤ ቦታ ነው የያዘችው። እንዲያውም ያ የግዢ ጥያቄ የመጣ ጊዜ ነበር መሸጥ የነበረባት።»

ቃል በቃል እኔ ያልኩት ነበር። ከእኔ አፍ ሲወጣ ብልህነት ይመስለኝ ነበር። በእንግዳ አፍ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ስሰማው፣ ሰውዬው አንዲት አሮጊት ከቤቷ የሚያስወጣ መሰለኝ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ስለ ምዕራብ ዓባያ የዝናብ ሁኔታ ጠየቀው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ በረንዳው ላይ ሦስታችን ቀረን። እናቴ ለማግስቱ ገበያ ሙዝ ትለያለች።

«ልጁ ብልህ ነው» አለ አባቴ። «ትሑት ነው። ሥራ አለው። አረማመዱም ደህና ነው። ግን ይሸጥሻል።»

«ማን ሊገዛት?» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ሳቅኩ። ከዚያ ለልጁ ስልክ ደውዬ ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«እኔ እኮ የተጠየቅኩት ስለ ፈረስ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የተጠየቀው ስለ ፈረስ ነበር፣ በትክክል የመለሰውም ስለ ፈረስ ነበር፤ የወደቀው ግን በሌላ የትምህርት ዓይነት ነው። ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የእኔ ዘዴ ለእንዲህ ያለው ነገር አልተሠራም።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ሙዝ አልያዘም፤ ስኳር ነበር የያዘው፤ እናቴም ያለ አስተያየት ተቀብላ ለእኔ አቀበለችኝ። ሰላምታው እንዳለቀ አባቴን፣ «አባባ፣ ፈረሶቻችንን እናወዳድር?» አለው። ጨዋታው ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ለብቻቸው ውድድር እንዲከፍቱ ይፈቅዳል። አባቴ ዓይኑ በራ። ቡላን ከጡረታ አስነስቶ ረጅሙ ሩጫ ላይ አስገባት። ልጁ ደግሞ ያለውን ምርጥ ፈረስ አስገባ፤ ባለ አምስት ኮከብ፣ ጥቁር፣ በአጭር ርቀት የሚቀድመው የሌለ። ያን ፈረስ አውቀዋለሁ። ከተወሰነ ርቀት በኋላ እግሩ አይታዘዝለትም።

የሆነውም ይኸው ነው። ጥቁሩ እንደ ጥይት ተፈትልኮ ወጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ዛለ፣ ከዚያ በእርምጃ ሊባል በሚችል ሁኔታ ቀጠለ። አሮጊቷ ቡላ ቀስ እያለች መጣች፣ አለፈችው፣ አሸነፈች።

እኔ አባቴ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳም። መነጽሩን አወለቀና ልጁን አየው።

«ይህ ፈረስ የአጭር ሩጫ ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ታውቅ ነበር?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ማንጎው አየሁ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«የአጭር ሩጫ ፈረስ ረጅም ላይ የሚያስገባ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ልጄን ፈልጓል» አለ አባቴ። «ሞኝ አለመሆንህን ያን ጊዜ አይቻለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሽማግሌህን ላክ።»

ሁለቱ ተያዩና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ጉዳዩ የእኔ ጋብቻ ነበርና አንድ ሰው ዞር ብሎ ምን ይመስልሻል ይለኛል ብዬ ጥቂት ቆየሁ። የጠየቀኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ ያውም ስኳሩን የት እንዳስቀመጥኩት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ተባረክን፣ ተጋባን። እኔም በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ፤ ኩልፎ ዳር ያሉ የአትክልት ማሳዎችን የውሃ ቦይ የሚያስተካክል ማኅበር የጉድጓድና የቦይ ጉዳይ የሚገባው ሰው ፈልጎ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የትምህርት ማስረጃዬን ማንም አልከፈተውም። አንዱ ጠያቂ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የእናቴን ስም ስነግረው ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሚዛን አታጭበረብርም» አለ አንዱ። «እንግዲህ ልጅቷም» አለ ሌላው። በእናቴ የሩጫ ታሪክ ተቀጠርኩ።

ባሌና አባቴ ዛሬም እሑድ እሑድ ፈረስ ያወዳድራሉ። ባሌ ያን ቀን ሆን ብሎ ከተሸነፈለት በኋላ አባቴ ውለታ ያለበት መስሎት በሚቀጥለው ውድድር ደካማውን ውርንጭላ አስገባ። ባሌ ይህ ገባው፤ አማቱን ማሸነፍ ነውር ስለሆነ እሱም ከዚያ የባሰ ፈልጎ አመጣ። አባቴ ደግሞ ከዚያ የባሰ። አሁን ሁለቱም ጨረታ ላይ የሚፈልጉት ማንም የማይፈልጋቸውን፣ ግማሽ ኮከብ ያላቸውን ፈረሶች ነው። እንዲያውም ለእነዚህ ፈረሶች እርስ በርሳቸው ስለሚፎካከሩ ዋጋቸው ንሯል። እኔ አንድ ጊዜ ይህ የዋጋ ሕግ የሚፈቅደው ነገር እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ አባቴ ዘንግ እንድሥል ወረቀት አቀረበልኝ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ቀርቦ ጠራኋቸው። «መጣን፣ ሩጫው ሊያልቅ ነው» አሉ። በመስኮት አየኋቸው። ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል። ስልኩ ላይ ሁለት ፈረሶች እያዘገሙ ነው፤ መድረሻው ገና አይታይም። አባቴ፣ «የአንተው ይሻላል» ይላል። ባሌ፣ «ኧረ አባባ፣ የርስዎ ነው የሚሻለው» ይላል። ወጡ እየቀዘቀዘ ነበር። እኔና እናቴ በላን።